የምክር ዓምድ፦ ደሴ ላይ ተዳፋት ቦታ አለኝ፤ ደልድዬ ልሥራ ወይስ በደረጃ?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው ተዳፋት ላይ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አለኝ፤ ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው። ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው 3 ሜትር ያህል ይወርዳል። በብሎኬት፣ ፎቅ የሌለው፣ 7 በ12 የሆነ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ልሠራ ነው። ግንበኛዬ በሥራው የተመሰገነ ሰው ነው፤ ‹ላይኛውን ቆርጠን በአፈሩ ታችኛውን እንሞላለን፣ ዙሪያውን 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍረን የድንጋይ መሠረት እናወጣለን፣ ፎቅ ስለሌለው ግሬድ ቢም (ከመሠረቱ ላይ የሚፈሰው፣ ፌሮ ያለበት የአርማታ ማሰሪያ) አያስፈልገውም› ይለኛል። የታችኛው ጎረቤቴ ቤት ግን በዚሁ መንገድ ተሠርቶ በሦስተኛው ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ። ገንዘቤ የተቆጠረ ነው። ምን ላድርግ? ታናሽ ወንድሜም ኮምቦልቻ ላይ ሜዳ ቦታ አግኝቶ መሠረት ሊያወጣ ነው፤ የእሱስ ይቀላል አይደል?»
መምህርት፣ ከደሴ

መልስ

እንዴት ከረሙ መምህርት። ግንበኛዎ ሥራውን አያውቅም አንልም። ያቀረበልዎት አሠራር ግን የቤትዎን ግማሽ ነባር መሬት ላይ፣ ግማሹን ደግሞ ገና በተደፋ አፈር ላይ ያቆመዋል። ነባሩ መሬት ለዘመናት ተጭኖ ጠንክሯል፤ የተደፋው ግን ውሃ በጠጣ ቁጥር ይሰምጣል። አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ስለማይወርድ ቤቱ መሀል ላይ ይሰበራል። የጎረቤትዎም ጉዳይ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሄደው ስንጥቁን ይዩት፦ ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ በሰያፍ የሚሄድ ከሆነና ላይኛው ጫፉ ከታችኛው ከሰፋ፣ የቤቱ ታችኛ ወገን እየሰመጠ ወደ ውጭ ዘሟል። ጎረቤትዎ ከፈቀዱ ስንጥቁን አቋርጦ መዳፍ የሚያህል ጄሶ ይለጥፉበትና ቀኑን ይጻፉበት። ክረምቱ ሲወጣ ጄሶው ከተሰነጠቀ ሙሌቱ ገና አልረጋም፤ ይህንን ማወቅ ለእርስዎም ይበጃል።

ሆኖም ስለ መሠረት ከማውራታችን በፊት ቦታው ራሱ ባለበት የሚቆይ መሆኑን ማረጋገጥ አለብዎት። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ያለች ከተማ ናት፤ ከገደሎቹ ላይ ለዘመናት የወረደ አፈርና ድንጋይ ተዳፋቱን ሸፍኖታል፤ የመሬት መንሸራተትም ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። ጥርና የካቲት ላይ ቦታውንና ከበላዩ ያለውን መሬት ዞረው ይመልከቱ። ዙሪያው ደርቆ ሳለ አንድ ስፍራ ብቻ ሣሩ ለምልሞ ከታየ ከሥሩ የተደበቀ ምንጭ አለ። ግንዳቸው ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ባሕር ዛፎች፣ ወደ ታች ያዘነበሉ የአጥር ምሰሶዎች፣ መሬቱ ላይ እንደ ጨረቃ ግማሽ የተቆረጡ ስንጥቆች፣ እነዚህ ሁሉ መሬቱ በዝግታ እየሄደ መሆኑን ያሳያሉ። ከእነዚህ ሁለቱ እንኳ በአንድ ላይ ከታዩ አንድ ድንጋይ ሳያስቀምጡ የአፈር ምርመራ የሚያውቅ መሐንዲስ ያምጡ። የሚንሸራተትን ተዳፋት የአንድ ቤት መሠረት አያቆመውም።

ምልክቱ ካልታየ ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ ከታች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ጥልቀት። ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ሲገባ ከላይ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይኑር፤ ጠርዙ ልቅ ከሆነም ሳይደግፉ አይግቡ። የሚፈልጉት ዶማ ሲያርፍበት የሚነጥር፣ ገረጋንቲ የመሰለ ወይም ጠጠር የበዛበት ጠንካራ ንጣፍ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ከስንት ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እንደሚገኝ ይመዝግቡ፤ የመሠረትዎን ጥልቀት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው እንጂ የግንበኛው ልማድ አይደለም። ላይኛው ጉድጓድ በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ታችኛው በ1 ሜትር ከ40 ቢያገኘው አይደነቁ፤ ተዳፋት ላይ ልቅ አፈር የሚከማቸው ወደ ታች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ቦታዎ በ20 ሜትር 3 ሜትር ይወርዳል፤ በየሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ቤት በቁልቁለቱ አቅጣጫ ሲቀመጥ ከጀርባው እስከ ፊቱ የ1 ሜትር ከ80 ልዩነት ያገኛል። (ልኩን በዓይን አይመኑ። 20 ሜትር ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው፣ ውስጡ የአየር አረፋ አለመቅረቱን አይተው፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እንጨት ላይ ይዘው ይለኩ።) ግንበኛዎ ያሰበው ላይኛውን 90 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ታችኛውን 90 መሙላት ነው። ርካሽ ነው፣ አንክድም፤ ወደ 19 ሜትር ኩብ አፈር ብቻ ይነሳል፣ እሱም እዚያው ይደፋል። ሁሉንም ቆርጦ አንድ ሜዳ ማድረግ ደግሞ 75 ሜትር ኩብ ያስነሳል፤ ከቤቱ ጀርባም የሁለት ሜትር ገደል ያቆማል።

የእኛ ምክር ቤቱን በሁለት ደረጃ መክፈል ነው። ላይኛው 6 ሜትር መኝታ ክፍሎቹን፣ ታችኛው 6 ሜትር ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ይይዛል፤ በመሀላቸው 90 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ፤ እሱም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ስድስት ደረጃዎች ብቻ ነው። ሁለቱም ሜዳ ሙሉ በሙሉ ወደ ነባሩ መሬት ተቆርጦ ይገባል፤ የቤቱን ክብደት የሚሸከም ሙሌት አይኖርም። የሚነሳው አፈር 38 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲቆፈር ስለሚነፋ ወደ 50 ይጠጋል። ይህንን አፈር ታችኛው አጥር ጥግ አይከምሩት፤ የጎረቤትዎን ግድግዳ ይገፋል፣ በክረምትም ይናዳል። በቢያጆ (በመኪና ጭነት) አስጭነው ያስወጡት። ተጨማሪው ወጪ እዚህ ላይ ነው፤ በኋላ ከሚመጣው ግን እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለቱን ደረጃ የሚለየው የመሀል ግንብ መሠረትም ደጋፊም ስለሆነ ትጋት ይፈልጋል። እሱ የሚነሳው ከታችኛው ሜዳ መሠረት ጥልቀት ነው እንጂ ከላይኛው ሜዳ ጠርዝ አይደለም። ወርዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ላይኛው ሜዳ የሚያርፍበት ጀርባው በሲሚንቶ ተለስኖ ሁለት እጅ ሬንጅ ይቀባ፣ ከዚያ በጠጠር ይሞላ፣ በሥሩም የተበሳሳ ቱቦ ወደ ቤቱ ጎን ይውጣ። ይህ ከተዘለለ የሳሎንዎ ግድግዳ ዕድሜ ልኩን ይረጥባል፤ ከውስጥ በኩል ቀለም ቢደራረብበት አያድነውም።

ከቤቱ ጀርባ የሚቆመው የድጋፍ ግንብ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ከቤቱ ግድግዳ 1 ሜትር ከ20 ራቅ ብሎ ይሠራ፤ ያ ክፍት ቦታ ውሃ የሚሄድበትም፣ ሰው ገብቶ የሚጠግንበትም ነው። የግንቡ ከፍታ ያን ጊዜ 1 ሜትር ከ10 ይሆናል። ለዚህ ከፍታ የድንጋይ ግንብ ከግርጌው 70፣ ከጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል፤ ከመሬት በታች 50 ጥልቀትና 80 ወርድ ያለው መሠረት ላይ ይቀመጥ። ሲሰላ በአንድ ሜትር ርዝመት አንድ ሜትር ኩብ ግንብ ይመጣል። ለ10 ሜትሩ 12 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ወደ 4 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ማልታው አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ ሆኖ 13 ኩንታል ሲሚንቶ ይያዙ። ትላልቁ ድንጋይ በወርዱ ይተኛ፤ በየሜትሩ ከፊት እስከ ጀርባ የሚዘልቅ ማሰሪያ ድንጋይ ይግባ። ፊቱን አሳምረው መሀሉን በስብርባሪ የሚሞሉ አሉ፤ እንዲህ ያለ ግንብ ሁለት ስስ ግንብ ነው፣ ሲገፋ መሀሉ ይከፈታል።

የግንቡ ከፍታ እጥፍ ሲሆን የሚገለብጠው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ላይ የሠራው ግንብ ሁለት ሜትር ላይ ያልሠራው ለዚህ ነው፤ ቤቱን በሁለት ደረጃ ክፈሉት ያልነውም ለዚሁ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ያለፈ ግንብ ካስፈለገ ሥሌቱን ለመሐንዲስ ይተዉት። ውሃ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከግንቡ ጀርባ ውሃ ተጠራቅሞ ከቆመ ግፊቱ ከደረቅ አፈር ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሞላ፤ በሥሩ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የተበሳሳ ቱቦ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይተኛ፤ በግንቡ ውስጥም ባለ 75 ቱቦ በየ1 ሜትር ተኩሉ፣ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ውጭ ዘንበል እንዳለ ይቀበር። ከጠጠሩ በላይ ያለውን የመጨረሻ 20 ሳንቲ ሜትር በጭቃ አፈር ጠቅጥቀው ይዝጉት፤ የላዩ ጎርፍ በቀጥታ እንዳይገባ ነው። ቱቦዎቹ በልስን ተደፍነው እንዳይቀሩ ግንበኛው ሥራ ሲጨርስ አንድ በአንድ በፌሮ ይሞክሯቸው።

ቁፋሮውን በአንድ ቀን ዳር እስከ ዳር አይክፈቱት፤ በተለይ ከበላይዎ የሰው ቤት ካለ። ሦስት ሦስት ሜትር እየከፈሉ፣ አንዱን ቆፍረው ግንቡን አውጥተው ከኋላው ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ቀጣዩን ይክፈቱ። ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። ወሎ በልግ አላት፤ ከየካቲት አጋማሽ ወዲያ የተከፈተ ቁፋሮ ዝናብ ሊያገኘው ይችላል። የድጋፍ ግንቡ ቤቱ ከመጀመሩ በፊት ያልቃል እንጂ «ገንዘብ ሲገኝ» ተብሎ አይቆይም።

የቤቱ መሠረት እንዲህ ይሁን። ጠንካራውን ንጣፍ እስኪያገኝ ይቆፈር፤ በምንም መንገድ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የጉድጓዱ ወለል ሁልጊዜ አግድም ነው፤ ቁልቁለቱን ተከትሎ ያዘነበለ መሠረት ይንሸራተታል። ጥልቀቱ ሲቀየር በደረጃ ይውረድ፤ አንዱ እርከን ከ50 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ላይኛው ግንብም በታችኛው ላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ይደረብ። ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ስስ አርማታ ይፍሰስ፣ በላዩ ባለ 50 ወይም 60 ወርድ ድንጋይ ይገንባ። ምሰሶዎቹ ግሬድ ቢም ላይ ተተክለው አይነሱ፤ እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ፉቲንግ (ከምሰሶው ሥር ከሚፈሰው ሰፊ የአርማታ መቀመጫ) ይነሱ። የፉቲንጉን ስፋት የፈቃድ ሥዕሉን የሚሠራው መሐንዲስ ከጉድጓዶቹ ውጤት ጋር አይቶ ይወስናል።

«ፎቅ ስለሌለው ግሬድ ቢም አያስፈልገውም» የሚለውን አይቀበሉ። እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷታል፤ ያን ጊዜ የነበሩት ቤቶች ፎቅ አልነበራቸውም። ግሬድ ቢሙ ምሰሶዎቹን ከሥር፣ ቶፕ ታይ ቢሙ ከላይ ያስራቸዋል፤ ሁለቱ ሲኖሩ ቤቱ ሲናወጥ በአንድነት ይሄዳል፣ ሳይኖሩ እያንዳንዱ ግድግዳ ለብቻው ይወድቃል።

የሚገባውን መጠን በእርስዎ ቤት እናስላው። ዙሪያው 38 ሜትር ነው፤ የውስጥ ግድግዳው 22 ሜትር ቢሆን በድምሩ 60 ሜትር ቢም አለ። ወርዱ 25፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 4.5 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል፤ ወደ 16 ተኩል ኩንታል ሲሚንቶ ማለት ነው። አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሙሉ ርዝመቱ ሲሄድ 240 ሜትር፣ ለመደራረቢያ 10 በመቶ ሲጨመር 22 ዘንግ ይሆናል። አንዱ ባለ 12 ሜትር ዘንግ ወደ 10.7 ኪሎ ስለሚመዝን ሲገዙ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ ብዙ ከጎደለ ፌሮው ከስሙ ቀጥኗል። ስታፋው (ረጃጅሞቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየ20 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ማዕዘንና ወደ ምሰሶ ሲቀርብ በየ15 ይታሰር፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ5 ስለሚፈጅ ከአንድ ዘንግ 11 ይወጣል፣ በድምሩ 30 ዘንግ ገደማ ይበቃል። በሦስት ነገር ይቆጣጠሩ። አንደኛ፣ የስታፋው ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ወደ አርማታው እምብርት ታጥፎ ይግባ፤ በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ ሲናወጥ ይከፈታል። ሁለተኛ፣ ባለ 12 ፌሮ ሲደራረብ 60 ሳንቲ ሜትር ይደረብ፤ ሁሉም መደራረቢያ አንድ ቦታ ላይ አይግጠም። ማዕዘን ላይ ፌሮው እዚያው አይቆረጥ፤ ታጥፎ በሌላው ቢም ውስጥ 60 ይሂድ። ሦስተኛ፣ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ፌሮው ከሥሩ 4፣ ከጎኑ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ ለዚህ በማልታ የተሠሩ ትናንሽ ኩቦች አስቀድመው ያዘጋጁ። መሬት ላይ የተኛ ፌሮ ከአርማታው ውጭ ሆኖ ዝጎ ያልቃል።

አርማታው አንድ ለሁለት ለሦስት ነው፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። በአካፋ ቆጥሮ ማቡካት የተለመደ ነው፤ ግን አካፋ አይመሳሰልም። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ያሠሩ፤ 36 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት ከ25 ሊትር ውሃ አይለፍ፤ አሸዋው ርጥብ ከሆነ 20 ይበቃል። ሠራተኛው እንዲቀልለው ውሃ ይጨምራል፤ እርስዎ ያለማቋረጥ የሚቆጣጠሩት ይህንን ነው። በአካፋ ሲከመር ቆሞ የሚቀር አርማታ ይሁን፤ ከፈሰሰ በዝቷል።

አሸዋውን ከመክፈልዎ በፊት ይሞክሩት። ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይጨምሩ፣ እስከ ሦስት አራተኛው ውሃና አንድ ማንኪያ ጨው አክለው በደንብ ይናጡት፣ ሦስት ሰዓት ያስቀምጡት። ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ቢያጆው ይመለስ። ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን ከጠጠሩ ጋር አያጣብቀውም።

ለቢምና ለምሰሶ ኦፒሲ (ተራውን) ሲሚንቶ፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበትን) ይግዙ፤ ፒፒሲ ዘግይቶ ይጠነክራል። የደሴ ብርድ ይህን መዘግየት ይጨምረዋል። ከኅዳር እስከ ጥር አርማታ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ ከቀትር በፊት ያልቅ፤ ማታ በጆንያና በፕላስቲክ ሸራ ይሸፈን። ቢያንስ ለ7 ቀን፣ በፒፒሲ ከሆነ ለ14 ቀን ሳይደርቅ ውሃ ይጠጣ። የካሳፎርሙ (አርማታው የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ጎን ከሁለት ቀን በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ የቢም ሥር ደጋፊ ግን ከ21 ቀን በፊት አይነካ።

ስለ ግድግዳው ብዙ አንናገርም፤ ከሥሩ ያለው ከተስተካከለ እሱ ቀላል ነው። ውጭው በባለ 20፣ ውስጡ በባለ 15 ብሎኬት ይሠራ፤ በካሬ ሜትር ስብርባሪውን ጨምሮ 13 ይያዙ። ብሎኬቱ ከተመረተ 28 ቀን የሞላውና ለመጀመሪያው ሳምንት ውሃ የጠጣ መሆኑን ይጠይቁ፤ በምስማር ሲጫር የሚረግፍ ከሆነ ይተዉት። በየሦስት ረድፉ ከምሰሶው የሚወጣ ባለ 6 ፌሮ ወደ ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ይግባ። መስኮት ከማዕዘን 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጣሪያውን የሚይዘው ባለ 6 ሽቦ ቶፕ ታይ ቢሙ ሲፈስ አብሮ መቀበር አለበት፤ በኋላ በምስማር የተያዘ ጣሪያ የጦሳን ንፋስ አይችልም።

ክዳን ሲገባ የሚረሳው ውሃው የሚሄድበት ነው። የክዳንዎ ስፋት ከነክፈፉ 110 ካሬ ሜትር ቢሆን በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 3,300 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአሸንዳ ተሰብስቦ፣ በቱቦ ወርዶ፣ በተገነባ ቦይ ወደ መንገዱ ማፋሰሻ መድረስ አለበት፤ ከቤቱ ጀርባ ከተለቀቀ የድጋፍ ግንቡን ያጠጣል። ከላይኛው አጥር ሥርም ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልግዎታል፤ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 40፣ ወለሉ በድንጋይና በሲሚንቶ የተነጠፈ። የአፈር ቦይ ራሱ ውሃ ያሰርጋል፤ ለተዳፋት ከቦይ አልባነት አይሻልም።

ስለ ሽንት ቤት አልጠየቁም፤ ግን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ ተዳፋት ላይ፣ በተለይም ከድጋፍ ግንብ ወይም ከታችኛው ጎረቤት ቤት በላይ፣ አይቆፈር። ዓመቱን ሙሉ ተዳፋቱን ከውስጥ ያርሰዋል፤ ከክረምት ዝናብ ያልመጣው መንሸራተት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ዙሪያውን የተለሰነ፣ ውሃ የማያሳልፍ ሴፕቲክ ታንክ በመንገዱ በኩል፣ የመምጠጫ መኪና ቱቦ በሚደርስበት ቦታ ያሠሩ።

ወደ ወንድምዎ እንምጣ። የእሱ ሜዳ ነው ማለት ይቀላል ማለት አይደለም። በኮምቦልቻ ሜዳ፣ በተለይ ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል፣ ዋልካ ያጋጥማል፤ ዋልካ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ቤቱን በየዓመቱ ያነሳል ያወርዳል። አፈሩን እንዲህ ይሞክረው፦ ከ1 ሜትር ጥልቀት ያወጣውን አፈር በፀሐይ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በወንፊት ይንፋው። ከፋርማሲ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝቶ የመርፌ ቦታውን ይድፈነው፣ በቀጥታ አቁሞ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሙላበት፤ በሌላ ሲሪንጅ የለካውን 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር ቀስ እያለ ይበትንበት። በ24 ሰዓት የረጋው አፈር 15 ላይ ከቆመ መጠንቀቅ አለበት፤ 20 ከደረሰ ክፉ ዋልካ ነው።

ዋልካው ከ1 ሜትር ተኩል የማያልፍ ከሆነ ሁሉንም አውጥቶ በገረጋንቲ ይተካው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እያጠጡ በማሽን እየጠቀጠቁ ነው የሚሞላው። በአሸዋ እንዳይተካው፤ አሸዋ ውሃ አጠራቅሞ ዋልካውን ያጠጣል። ጥልቅ ከሆነ ፉቲንጎቹ ዋልካውን አልፈው ወርደው ግሬድ ቢሙ በእነሱ ላይ ይረፍ፤ በግሬድ ቢሙ ሥር ከአፈሩ ጋር 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቅር፣ ያበጠው አፈር ቢሙን ገፍቶ እንዳይሰብረው። በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ከ20 የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የአርማታ ንጣፍ ያድርግ፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከቤቱ 10 ሜትር ያርቅ፣ ሥሩ አፈሩን ያደርቀዋል።

የተቆጠረው ገንዘብዎ ጉዳይ ይቀራል። ከመሠረት፣ ከድጋፍ ግንብ፣ ከማፋሰሻና ከቢም ላይ አንዲት ብር አይቀንሱ። ሴራሚኩን ትተው በልስን ወለል ይግቡ፤ ኮርኒሱን ለሳሎኑ ብቻ ያድርጉ፤ የውጭውን ልስን ለሚቀጥለው ዓመት፣ አጥሩን ለከርሞ ያቆዩት። ከሦስቱ መኝታ ክፍል አንዱን ሳይጨርሱ በሩን ዘግተው መግባትም ይችላሉ። ግንበኛዎን አይተዉት፤ የቆፈሩትን ጉድጓድ አብረው ይዩትና ውሉን በዚህ ልክ እንደገና ይጻፉ፦ የመሠረት ጥልቀት፣ የፌሮ ቁጥር፣ የግንብ ውፍረት በሜትርና በሳንቲ ሜትር ተጽፈው፣ ክፍያውም ሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ ከፌሮ እስራቱ በኋላ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት መሐንዲሱ አይቶ የሚፈርምበት ቀን ገብቶበት።